ሁለት ኪቦርድ በአንድ መድረክ፦ የድምፃቸውን ሚዛን የት ላይ መያዝ ይሻላል?

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዘምራን ወደሚለማመዱባቸው አዳራሾች ጎራ ያለ፣ ወይም በሐይቁ ዳርቻ ድንኳን ተጥሎ ሰርግ ሲደገስ ከባንዱ አጠገብ የቆመ ሰው፣ ሁለት ኪቦርድ ጎን ለጎን ተተክለው ማየቱ የተለመደ ነው። አንደኛው ፒያኖውን ወይም ሪትሙን ይዞ ሲሄድ ሌላኛው ስትሪንግ፣ ብራስ፣ አንዳንዴም የዋሽንትና የመሰንቆ ድምፅ ይጨምርበታል። አሠራሩ መልካም ነው፤ ጣጣው የሚጀምረው ተጫዋቾቹ ራሳቸውን መስማት ሲያቅታቸው ነው። አንዱ ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ሌላውም እንዳይዋጥ ብሎ ይጨምራል፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሲደረስ ዘማሪዎቹ በጉሮሯቸው መታገል ይጀምራሉ፣ ከኋላ የተቀመጠው ምእመንም ቃሉን መስማት ትቶ ዜማውን ብቻ ይከተላል።

ከእነዚህ አዳራሾች በአንዱ ሚክሰር ይዤ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ሁለት ኪቦርድ ኖሯቸው ሚዛኑን የት ላይ እንደሚይዙ ገና ላልወሰኑ ሰዎች ነው፤ በየኪቦርዱ የድምፅ መጨመሪያ ላይ፣ ከተጫዋቾቹ አጠገብ በሚቀመጥ ትንሽ ሚክሰር ላይ፣ በአዳራሹ ዋና ሚክሰር ላይ፣ ወይስ ሁለቱን በሚዲ፣ ማለትም ኪቦርዶች የትኛው ቁልፍ እንደተነካ በሚነጋገሩበት ገመድ፣ በማያያዝ? እያንዳንዱ የሚስማማው ቦታ አለው። ከሁሉም የሚቀድም አንድ ምርጫ ግን ስላለ ከእርሱ እጀምራለሁ፤ እርሱ ካልተስተካከለ የቀረው ገንዘብና ድካም ነው።

አስቀድሞ ማን ምን ይጫወታል?

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ 65 ሄርዝ (በሴኮንድ 65 ንዝረት) ገደማ ከሆነው ታችኛው ዶ ተነሥቶ እስከ 2,093 ሄርዝ ድረስ ይወጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ ኪቦርዶች ሲቆሙ መሣሪያዎቹ ሁለት ይሁኑ እንጂ የሚሻሙት ስፍራ አንድ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች በግራ እጃቸው ከመካከለኛው ዶ፣ ማለትም ከ262 ሄርዝ በታች ሙሉ ኮርድ ሲይዙ፣ በላዩም ከ41 ሄርዝ የሚነሣው ቤዝ ጊታር ሲጨመርበት፣ ያ ስፍራ ይደፈርሳል፤ የወንዶቹ ድምፅም የሚገኘው እዚያው ነው። በሚክሰሩ ላይ ቤዙን መቀነስ የኖታውን ውፍረት ያሳሳል እንጂ ኖታውን ከቦታው አያነሣውም። ስለዚህ ከገመድ በፊት የሚመረጠው ሥራው በተጫዋቾቹ መካከል የሚከፈልበት መንገድ ነው፤ በኦክታቭ፣ በድምፅ ዓይነት ወይም በጊዜ።

በኦክታቭ መከፋፈል ለጀማሪዎች የሚበጅ ነው። አንደኛው ታችኛውንና መካከለኛውን ይዞ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ሁለቱንም እጆቹን ከመካከለኛው ዶ በላይ ያደርጋል፤ ደንቡ ግልጽ ስለሆነ ለመርሳት አያመችም። ጉድለቱ የሁለተኛው ተጫዋች ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ሳሳ ያለ መምሰሉ ነው፤ ይህ ግን ቅር የሚያሰኘው ራሱን እንጂ አድማጩን አይደለም።

በድምፅ ዓይነት መከፋፈል ሁሉም የሚያደርገው ሲሆን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እርሱ ነው። ፒያኖ ሲመታ ጎልቶ ይነሣና ወዲያው መሟሸሽ ይጀምራል፣ ስትሪንግ ወይም ፓድ (ተዘርግቶ የሚቆይ የጀርባ ድምፅ) ግን ጣት እስኪነሣ ድረስ በአንድ ከፍታ ይቆያል። የሚክሰሩ መብራቶች ለሁለቱም እኩል ቢያሳዩ እንኳ ፒያኖው በምቶቹ መካከል ለዘማሪው ክፍት ቦታ ሲተው ስትሪንጉ ያንን ቦታ ይሞላዋል። ጆሯችን ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ስፍራ ከሌላው ይልቅ ንቁ ነው፤ ቃልን ከቃል የምንለይባቸው ተነባቢዎችም በአብዛኛው በዚሁና ከዚህ በላይ ባለው ስፍራ ይሰማሉ። ደመቅ ያለ ስትሪንግ የሚጋርደው ይህንኑ ስለሆነ ከፒያኖው እኩል ሳይሆን ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ምርጫም ካለ «ብራይት» ከሚባለው ይልቅ ለስላሳው ድምፅ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ በጊዜ መከፋፈል፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጥ ሲሆን ለማስለመድም ከሁሉም የሚከብድ ነው። ሁለተኛው ኪቦርድ ግጥሙ ሲባል ዝም ይላል ወይም ሁለት ኖታ ብቻ ይይዛል፣ አዝማቹ ላይ ገብቶ ይሞላል። ወጣት ተጫዋቾች ዝም ማለትን ሥራ እንደ መፍታት ስለሚቆጥሩት አይወዱትም። አንድ ቅዳሜ በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዝግ ያለ መዝሙር ስንለማመድ የድምፁ ድፍርስነት አላጠራ ስላለኝ ሁለተኛውን ተጫዋች «ወንድሜ፣ እስቲ ይህን አንድ ጊዜ ግራ እጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ሞክረው» አልሁት። ቅር እያለው እሺ አለ፤ በቀኙ ብቻ፣ ከመካከለኛው ዶ በላይ፣ ሁለት ሁለት ኖታ ይዞ ሄደ። መዝሙሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፒያኖ የሚጫወተው ልጅ ቀና ብሎ «ሞኒተሩን ጨመርህልኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ሞኒተሩን፣ ማለትም ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር፣ ምንም አልነካሁም ነበር።

ሪትምን በሚመለከት ምርጫ የለም፤ የሁለቱም ኪቦርድ አውቶማቲክ ሪትም በአንድ ጊዜ መነሣት የለበትም። በእጅ የተነሡ ሁለት የስድስት ስምንተኛ ምቶች፣ ፍጥነታቸው በቁጥር እኩል ቢሆን እንኳ፣ አነሣሣቸው እኩል ስለማይሆን ጭፈራውን ያሰናክላሉ።

ገመዱ የሚሄድበት መንገድ

መጀመሪያ መወገድ ያለበትን ላንሣ። ሁለት ኪቦርድን በ«ዋይ» ገመድ፣ ማለትም ሁለት ጃክ ገብቶበት አንድ ጃክ በሚወጣው ገመድ፣ አንድ ላይ አድርጎ ወደ አንድ መግቢያ መስደድ ርካሽ ስለሆነ ብቻ በየቦታው ይሠራበታል። ገመዱ የተሠራው አንዱን ድምፅ ለሁለት ለመክፈል ነው። በግልባጩ ሲሰካ የአንዱ ኪቦርድ መውጫ ወደ ሌላው መውጫ ስለሚገፋ የሁለቱም ድምፅ ይወርዳል፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታም ሊሻክር ይችላል፣ አንዱ ሲጨመር ሌላው የሚቀንስ ይመስላል። ሚክሰር ይህን የሚያስቀረው የእያንዳንዱን መግቢያ በሬዚስተር ስለሚለየው ነው፤ ስለዚህ «ዋዩ» ትንሿን ሚክሰር አይተካም።

ለየኪቦርዱ የራሱን አምፕሊፋየር ወይም ሞንታርቦ መስጠት ለአነስተኛ ክፍል ልምምድ ደግ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱን ይሰማል፣ ገመዱም አጭር ነው። ደጅ ላይ ግን አልመክረውም። በሐይቁ ዳር በተጣለ ድንኳን ውስጥ የአንዱ ሞንታርቦ በግራ፣ የሌላው በቀኝ ተቀምጧል እንበል። ከግራው በ2 ሜትር፣ ከቀኙ በ8 ሜትር ርቀት የተቀመጠ እንግዳ አለ። ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ በሌለበት ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይወርዳል፤ 8 ሜትር የ2 ሜትር አራት እጥፍ ስለሆነ ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ይደርሳል። 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ ያነሰ ያህል ስለሚሰማው፣ ይህ እንግዳ ቀኙን ኪቦርድ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ ይሰማዋል፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ደግሞ ግልባጩን። አንዱን ለማስደሰት የሚደረገው ሁሉ ሌላውን ስለሚበድል በዚህ አቀማመጥ ሚዛን የሚባል ነገር አይገኝም። ሁለቱ ኪቦርዶች አስቀድመው ተደባልቀው በሁለቱም ሞንታርቦ እኩል መውጣት አለባቸው።

በአንዳንድ አሬንጀር፣ ማለትም የራሳቸው አጃቢ ሪትም ባላቸው፣ ኪቦርዶች ጀርባ ላይ ኦክስ ኢን የሚል መግቢያ አለ፤ የሁለተኛው ኪቦርድ ድምፅ በዚያ ገብቶ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ይወጣል። ገንዘብ ለሌለው ቡድን ይህ ከ«ዋይ» ገመድ በእጅጉ የተሻለ ነው፤ ችግሩ የሁለተኛው ተጫዋች ድምፅ በመጀመሪያው እጅ ላይ መውደቁ ነው። የመጀመሪያው ኪቦርድ ከጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ዋናው የድምፅ መጨመሪያም በአንዳንዱ ሞዴል የገባውን ድምፅ አብሮ ሲያንቀሳቅስ በሌላው አይነካውም፤ ከፕሮግራሙ ቀን በፊት መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከተጫዋቾቹ መካከል የምትቀመጥ ባለ አራት መግቢያ ሚክሰር፣ ራሱን የቻለ የድምፅ ሰው ለሌለው መዘምራን፣ ከሁሉም በፊት የምመክረው መንገድ ናት። እያንዳንዱ ኪቦርድ የራሱ ጌይን (የመግቢያ መጠን ማስተካከያ)፣ የራሱ ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ክፍል ማስተካከያ) እና የራሱ ፌደር (ተንሸራታች የድምፅ መጨመሪያ) ወይም ማዞሪያ ያገኛል፣ ወደ አዳራሹ ግን የሚሄደው የተደባለቀ አንድ ድምፅ ነው። ድካሟ ሚዛኑን የሚያወጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ እነርሱ የሚሰሙት ሞኒተሩን እንጂ ሕዝቡ የሚሰማውን አይደለም። መድኃኒቱ በልምምድ ቀን ጆሮውን የሚያምኑትን አንድ ሰው አዳራሹ መካከል ማቆምና እርሱ በእጁ ምልክት እያሳየ ሚዛኑ ሲገኝ ቦታውን በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ማስመር ነው። የእኛ ሚክሰር ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ለዝግታው መዝሙር፣ አንዱ ለፈጣኑ። ከእነዚህ ውጭ መውጣት የሚፈልግ ይጠይቃል።

አዳራሹ ሰፊ ከሆነና ዋናውን ሚክሰር የሚይዝ የሠለጠነ ሰው ካለ ደግሞ ሁለቱን ኪቦርዶች ለየብቻቸው እዚያ ድረስ መላክ ይበልጣል፤ ከዘማሪዎቹ ጋር የሚመዝናቸው ሕዝቡ ባለበት የተቀመጠ ሰው ነውና። የኪቦርድ ጃክ ገመድ ሲረዝም ጩኸት እየሰበሰበ ስለሚሄድ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ሲሆን ዲአይ ቦክስ መጠቀም ይገባል። ዲአይ ድምፁን በኤክስኤልአር ገመድ ሩቅ ለመሄድ ወደሚችል ባላንስድ (ጩኸትን የሚያስቀር) ድምፅ ይለውጠዋል፤ የኛ መብራት በ50 ሄርዝ የሚሠራ ስለሆነ በሞንታርቦው የሚሰማው ዝቅ ያለ «እምምም» ከተነሣ ብዙ ጊዜ በዲአዩ ላይ ያለውን የግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን የመሬት ግንኙነት የሚያቋርጥ) ማብሪያ መግፋት ያስቆመዋል። ይህን ድምፅ ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የመሬት እግር የሚሰብር ሰው አይቻለሁ፤ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነውና በምንም ምክንያት አይደረግ። ለዚህ መንገድ አንድ ነገር ቀድሞ መታሰብ አለበት፦ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ድምፅ የሚሰሙት ከዋናው ሚክሰር በኦክስ ሴንድ (ለሞኒተር ለብቻው በተመደበ መውጫ) ተመልሶ በሚመጣላቸው ሞኒተር ብቻ ይሆናል። ሞኒተር ካልተሰጣቸው መጀመሪያ የተናገርሁት መጨማመር ይመለሳል።

ቦታው ሞኖ ከሆነ፣ ማለትም በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት ከሆነ፣ አብዛኞቹም እንዲያ ናቸው፣ ገመዱ «ኤል/ሞኖ» የሚለው ላይ ብቻ ይሰካ። «አር» ላይ ብቻ መሰካት የድምፁን ግማሽ መተው ነው። በስቴሪዮ ሰፊና ውብ የነበረ ፒያኖ ወደ ሞኖ ሲጠቃለል መሃሉ ባዶ ሆኖ ሊሰማ ይችላልና በዝርዝሩ ውስጥ ሞኖ የተባለ ፒያኖ ካለ እርሱን መሞከር ጥሩ ነው።

የሚዲን መንገድ በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ሁለት ተጫዋች ላለው ቡድን ስለማይሆን ነው። ሚዲ ከመነሻው ሁለት ኪቦርዶችን ለማነጋገር የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የዴቭ ስሚዝ ኩባንያ የሠራው ፕሮፌት-600 ከሮላንድ ጁፒተር-6 ጋር በገመድ ተያይዞ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ሲጮኽ በአደባባይ ታየ። ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ በቀረ ቀን የመጣው ሰው በአንዱ ኪቦርድ ሁለቱን ሊያስጮኽ ይችላል፤ በሚዲ መቆጣጠሪያ ቁጥር 7 የሚሄደው የድምፅ መጠን ከ0 እስከ 127 ስለሚቆጠር ሚዛኑ በቁጥር ተይዞ ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ኖታ በሚዲ ገመድ ለመሄድ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ተቀባዩም የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ሁለቱም ላይ ፒያኖ ከተመረጠ ይህች ጥቂት መዘግየት አንዳንዱን ድግግሞሽ እየሰረዘች ፒያኖውን በቧንቧ ውስጥ ያለፈ ታስመስለዋለች። አንዱ ፒያኖ፣ ሌላው ስትሪንግ ሲሆን ችግሩ አይታወቅም።

ሚዛኑን ማግኘት

መንገዱ ከተመረጠ በኋላ ሁለቱም ኪቦርዶች የድምፅ መጨመሪያቸው ከሦስት አራተኛ ላይ ይቁም፤ ከዚያ ወዲያ ሚዛን የሚወጣው በሚክሰሩ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው በፕሮግራሙ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚጮኸውን ክፍል ይጫወት፤ የለሰለሰውን ተጫውቶ ጌይን ያስያዘ ሰው ሰርጉ ሲሞቅ ቀዩን መብራት ያበራዋል። ጌይኑ ቀዩ ሳይበራ እስከሚደርስበት ከፍ ይላል።

ቀጥሎ የሚነሡት ፌደሮች የኪቦርዶቹ አይደሉም፣ የዘማሪዎቹ ናቸው። ቃሉ ጥርት ብሎ ሲሰማ የመጀመሪያው ኪቦርድ ድምፁን ደግፎ እስኪይዝ ድረስ ይጨመራል። ሁለተኛው ከሁሉ በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል። ሁለተኛውን የምመዝንበት መንገድ ይህ ነው፦ ድንገት ስዘጋው ሙዚቃው መጉደሉ ሊሰማኝ ይገባል፣ መልሼ ስከፍተው ግን ጆሮዬ ወደ እርሱ መዞር የለበትም። ስከፍተው ካዞረኝ በዝቷል፤ ስዘጋው ካልተሰማኝ ደግሞ የሚጫወተው ነገር የመጀመሪያው ከሚጫወተው ጋር አንድ ነው ማለት ስለሆነ ችግሩ ፌደሩ ላይ ሳይሆን ተጫዋቾቹ ጋር ነው።

የሁለተኛው መግቢያ ላይ 80 ወይም 100 ሄርዝ የሚል የቤዝ መቁረጫ ካለ ይጫን። አሁንም ካልጠራ ከ250 እስከ 400 ሄርዝ ባለው ስፍራ የአንዱ ብቻ ጥቂት ይቀነስ፤ የሁለቱም ከተቀነሰ ሙዚቃው ይቀጥናል። የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ የራሱ ማስተጋባት ስላለው የሁለቱም ኪቦርድ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) መክፈት ድምፁን ያርቀዋል። የስትሪንጉ ቢዘጋ ማንም አያጣውም።

በትንሽ ድምፅ የተገኘ ሚዛን በትልቅ ድምፅ እንዳልተገኘ መቆጠር አለበት። ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ድምፅ ሲያንስ ወፍራሙን ክፍል በጣም አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፁ በጠቅላላ ከፍ ሲል ወፍራሙ ከሌላው በልጦ የጨመረ ይመስላል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ተብሎ በዝቅታ የተለማመደ ባንድ እሑድ ሲከፍተው ግራ እጆች ሁሉ የሚያብጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቢያንስ የመጨረሻው ልምምድ በፕሮግራሙ ድምፅ ይሁን።

የተገኘው ሚዛን እንዳይፈርስ

በአንድ ኪቦርድ ውስጥ እንኳ ፒያኖው፣ ብራሱና ዋሽንቱ እኩል አይጮኹም። ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ፌደር ከመሯሯጥ ይልቅ እያንዳንዱ ድምፅ በሚፈለገው መጠን ተስተካክሎ በሬጅስትሬሽን (በኪቦርዱ የማስታወሻ ቦታ) መቀመጥ አለበት። የቁልፉ የንክኪ ስሜትም እንዲሁ ከኪቦርድ ኪቦርድ ስለሚለይ፣ ተጫዋቾቹ ቦታ ሲለዋወጡ ሚዛኑ የሚለወጠው በእጃቸው ጥንካሬ ብቻ አይደለም።

የቅኝቱ ነገር በተለይ ይታይ። አንዱ ኪቦርድ ላ በ440፣ ሌላው በ442 ሄርዝ ከተቃኙ ሁለቱ አብረው ሲጮኹ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ይህን የድምፅ መብዛት ነው ብሎ ፌደር ይቀንሳል። አሬንጀሮች ላይ ለአምባሰል ወይም ለአንቺሆዬ ተብሎ አንዳንድ ኖታ በሴንት (የግማሽ ቶን መቶኛ) ዝቅ ወይም ከፍ የተደረገ እንደሆነም የሌላው ኪቦርድ ያንኑ ካላደረገ እነዚያ ኖታዎች ብቻቸውን ይሻክራሉ። ሁለተኛው ማስተካከያው ከሌለው እነዚያን ኖታዎች ለመጀመሪያው ይተውለት። ዘማሪ ድምፁ አልደርስ ብሎት ትራንስፖዝ ሲደረግ (ዜማው በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ሲደረግ) ደግሞ አንዱ ለሌላው በድምፅ ሊነግረው ይገባል፤ በዓይን መጠቃቀስ በቂ አይደለም።

የመጨረሻው መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር ሲነሣ ብዙ ኪቦርዶች ድምፃቸውንም መጠናቸውንም ወደ ፋብሪካ አነሣሣቸው ይመልሳሉ፤ ስትሪንግ የነበረው ፒያኖ ሆኖ ይነሣል፣ ትራንስፖዙም ወደ ዜሮ ይመለሳል። መብራት እንደጠፋ የአምፕሊፋየሩ ማብሪያ ይዘጋ፤ ሲመለስ ኪቦርዶቹ መጀመሪያ፣ ሚክሰሩ ቀጥሎ፣ አምፕሊፋየሩ በመጨረሻ ይከፈት። ሁለቱም ተጫዋቾች ሬጅስትሬሽናቸውን መልሰው መጫናቸውን በቃል እስኪነግሩኝ ድረስ እኔ የሁለቱንም ፌደር አልከፍትም።